የወሰራዋ ደም የት ሄደ

የፈላ ውሃ በአሮጌ እንጨት ላይ ሲደፋ የሚወጣ ሽታ አለ። የዶሮ ኩስ፣ ጥላሸትና የረጠበ ቅርፊት ተደባልቆ። ሸጋ ሽታ ነው አልልም። በቀደም የልጅ ልጄ የዶሮዎቿን ቆጥ በፍል ውሃ ስታጥብ በዚያ ሳልፍ ሽታው ያዘኝና ቀጥ ብዬ ቆምሁ። «ምነው እምዬ፣ ሸተተሽ?» አለችኝ። ሸተተኝ እንጂ ልጄ። እሷ አፍንጫዬን የምይዝ መስሏት ነበር፤ እኔ ግን ጎንደር ገብቼ፣ አክስቴ ትርንጎ ማድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ ፊደል የለየሁትም ካደግሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። የማውቀው የፊት ጥርሴ ወልቆ አዲሱ ገና ብቅ ሲል እንደነበር ብቻ ነው።

አገሬ ኮላ ድባ አጠገብ ነው። አባቴ ልጅ ላልወለደችው እህቱ እንድላላክላት፣ ቤቱም ጭር እንዳይልባት ብሎ ወሰደኝ። እናቴ ስታሰናብተኝ ሌላ የምትሰጠኝ ቢቸግራት፣ እንቁላል ያልጀመረች አንዲት ቄብ ዶሮ አስያዘችኝ። ላባዋ ጥቁርና ነጭ የተረጨበት፣ ወሰራ የምንለው ነው። እስከ ጎንደር በማኪና ስንሄድ ጭኔ ላይ በዘምቢል ተቀምጣ፣ አንገቷን አውጥታ ሰውን ሁሉ ታያለች። የማኪናው ረዳት «ይቺን እመቤት መስኮት ዳር አስቀምጧት፣ አገር ትይ» ብሎ ሰዉን አሳቀው። እኔም ከእናቴ ተለይቼ ሳላለቅስ የደረስሁት በዚያ ሳቅ ነው።

አክስቴ ንጽሕና ትወድ ነበር። መውደድ ብቻም አይደለም፣ ትኮራበት ነበር። ቤቷ ከቅዳሜ ገበያ በላይ ነው። ዋናው ቤት አለ፣ ከጎኑ ማድ ቤት አለ፣ ከማድ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች ትንሽ ክፍል አለች። ባሏ አያ ካሴ በደብሩ የሚያገለግሉ፣ ዜማ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ሲያወሩ ድምፃቸው አይሰማም፤ ሲያዜሙ ግን ግቢው ይሞላል። እኔ ግቢ እጠርጋለሁ፣ ከሰፈሩ ቦኖ ውሃ እቀዳለሁ፣ ሲመሽ ዶሮዬን አስገባለሁ። ወሰራዋ የምታድረው ማድ ቤት ነው። ከትንሿ ክፍል ጋር የምንጋራው ግድግዳ ላይ አንድ የወይራ ግንድ ከነቅርፊቱ ተሰክቶ ቆጥ ሆኖላታል።

በትንሿ ክፍል ስንዱ ትኖር ነበር። የሳንጃ ልጅ ናት። ባሏ የአያ ካሴ ተማሪ የነበረ ነው፤ ወደ ሰሜን ሲዘምት ነፍሰ ጡር ሚስቱን አምጥቶ «የኔታ፣ አደራዎን» ብሎ ትቷት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የሚሰማ ወሬ ካለ የሚመጣው በአያ ካሴ በኩል ነበር። ከጦሩ ሜዳ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ደብሩን ነውና። ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ሰው ማስጠጋት ያስጠይቅ ስለነበር አክስቴ ለቀበሌው «የአጎቴ ልጅ ናት» ብላ አስመዘገበቻት። አጎት የሚባል እንዳልነበራት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አያ ካሴ ይህን ሲሰሙ «እንግዲህ በዚህ ዕድሜሽ አጎትም አገኘሽ» አሏት።

ከጥምቀት በኋላ ስንዱ ሴት ልጅ ወለደች። ብዙ ደም ፈሰሳት። ከንፈሯ ነጣ፣ የጥፍሯ ሥር የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ መሰለ። ሊጠይቋት የሚመጡ ሴቶች ሲወጡ «ደም የላትም» እየተባባሉ ይወጣሉ። እኔ ደም እንደ ማድጋ ጠላ ተቀድቶ ያለቀ፣ ስንዱም ባዶዋን የቀረች መሰለኝ። ከአልጋ ስትነሣ እንደ ባዶ ማድጋ ትጮኽ ይሆን ብዬ ጆሮዬን እጥል ነበር።

ወዲያው ሁዳዴ ገባ። አራስ አትጾምም፤ እኛ ደግሞ ጾመኞች ነን። ወሰራዋ እንቁላል ጀምራ ስለነበር የምትጥለው ሁሉ ለስንዱ ሆነ። ያዘዘችው አክስቴ ናት። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ወደኋላ የምነግራችሁን ስትሰሙ ይህን እንዳትረሱባት። እንቁላሉን ከጭዱ ውስጥ ገና ሳይበርድ አነሣና፣ ጉንጬ ላይ ለጠፍ አድርጌ ሙቀቱን ከጠገብሁ በኋላ እወስድላታለሁ። ስንዱም ቀስ በቀስ ፊቷ መለስ አለ። ሳቅ ጀመረች። ሕፃኗን እያጠባች የሳንጃን ሙቀት ታወራኝ ነበር። እዚያ አገር ድንጋዩ ላይ እንቁላል ይበስላል ብላ እንዳታለለችኝ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በዚያው ሰሞን የቀበሌው የጽዳት ዘመቻ መጣ። ግቢ ለግቢ እየዞሩ ያያሉ፣ ንጹሕ የተባለ ቤት በስብሰባ ይጨበጨብለታል። አክስቴ ከማድ ቤቱ ጀርባ የነበረውን የአመድ ክምር አስጠርጋ አስጣለች። ግቢው በእበት ተለቀለቀ። እኔም በየጠዋቱ ስጠርግ አንዲት ጤፍ ብትወድቅ እንድትታይ አድርጌ ነው። በስብሰባው ተጨበጨበላት። የዚያን ቀን ወደ ቤት ስትመለስ አካሄዷ ራሱ ተለውጦ ነበር፤ ዕቃ በራሷ እንደተሸከመች ሴት ቀጥ ብላ።

ሁዳዴው ሲጋመስ ወሰራዋ መጣል አቆመች። መጀመሪያ አንድ ቀን ጥላ አንድ ቀን ትተዋለች፣ ከዚያ ጭዱ ባዶ ሆነ። ልትታቀፍ ይሆናል ብለን ጠበቅን፤ አልታቀፈችም። ፈንግል እንዳይሆን ተፈራ። ፈንግል የዶሮ መቅሰፍት ነው፤ እሱ ቢሆን ክንፏን ጥላ ወዲያው በሞተች። እሷ ግን ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትሄዳለች። እንደ በርበሬ ዛላ ይቀላ የነበረው የአናቷ ኩክኒ ብቻ ፈዘዘ፣ እያደር የሰም መልክ ያዘ።

ሌላም ነገር ነበር። ሲመሽ ወደ ቆጧ አልወጣም አለች። ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታንገራግራለች። ከሥሯ ገፍቼ አወጣታለሁ፣ ፊቴን ሳዞር ትወርዳለች። እኔ ያኮረፈች መሰለኝ። እንቁላሏን በመውሰዳችን የተቀየመች መሰለኝና «ስንዱ እኮ አራስ ሆና ነው፣ ተያት» እያልሁ እለምናት ነበር። ዶሮ መለመን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። አንገቷን ወዲያና ወዲህ እያደረገች በአንድ ዓይኗ ታየኛለች፣ ከዚያ ያው አልወጣም።

ጎረቤታችን እትዬ ይርገዱ ግን ሌላ ነገር መሰላት። እትዬ ይርገዱ የሰፈሩን ነገር ከባለቤቱ ቀድማ የምታውቅ ሴት ነበረች። አንድ ቀን አራስ ልትጠይቅ መጥታ በሩ ላይ ሳለች አንድ ነገር አይታለች። ያየችውን እኔም አውቃለሁ፣ እዚያው ነበርሁ። ወሰራዋ ስንዱ ክፍል ገብታ አልጋው ላይ ወጣች። ስንዱ ሕፃኗን በአንድ እጇ እንደያዘች ዶሮዋን በሌላው እጇ ያዘቻት። ተነሥታ መዞር ስላቃታት በራሷ ላይ አሻግራ፣ ከራስጌዋ ለቆምሁት ለእኔ አቀበለችኝ። ነገሩ ይኸው ነው።

ለማያውቅ ልንገር። በአገራችን ሰው ሲታመም ዶሮ ይዘው በራሱ ላይ የሚያዞሩ አሉ። ሕመሙን ከሰውዬው ወስዳ ለራሷ ታድርገው ነው። ያቺ ዶሮ ጭዳ ትባላለች። ጭዳ የሆነች ዶሮ መስቀለኛ መንገድ ላይ ትጣላለች እንጂ ለባለቤቱ ምግብ አትሆንም። የሰውን ዶሮ ሳያስፈቅዱ ጭዳ ማድረግ ደግሞ መስረቅ ብቻ አይደለም፤ ሕመምን ሰው ቤት አስቀምጦ መውጣት ነው።

እትዬ ይርገዱ ነገሩን ያነሣችው ቦኖው ላይ፣ ወረፋ ስንጠብቅ ነው። እሷ ምንም እንደማያገባት፣ ብቻ በራሷ ላይ ስታዞር በዓይኗ እንዳየች ተናገረች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሁሉም እየሰማት፣

«እስቲ አንቺው እዪው፣ እት ትርንጎ። ማን ቀላ፣ ማን ገረጣ?» አለቻት።

ክፉው ነገር ይህ ነበር። ስንዱ እውነትም ቀልታለች፣ ወሰራዋ እውነትም ገርጥታለች። የአንዷ ደም ሲመጣ የሌላዋ ሄዷል። አክስቴ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት፣ እንቁላሉን ብሰጣት ዶሮዋን ጨመረችበት፣ ያስጠጋኋት ሴት ቤቴን ጭዳ አደረገችው፣ ልጇንም ክርስትና አላነሣላትም አለች። የክርስትና እናት ልትሆን ቃል የገባችው እሷ ነበረች። ጎንደር ውስጥ ስንዱ ሌላ ማን አላት?

ቤት ስንገባ «አላዞረቻትም፣ ለእኔ ነው ያቀበለችኝ» አልሁ። አክስቴ አንቺ ሕፃን ነሽ ደጌ፣ ዞረም ቆመም አይገባሽም አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ቃሏ አስፈራኝ። ዶሮዋን የተቀበልሁት እኔ ነኝ፤ ሕመሙ በእጄ አልፎ ከሆነስ? ምላሴን አውጥቼ በባልዲው ውሃ ውስጥ መልኩን አየሁት። ባልዲ ውስጥ ምን ይታያል፤ ሁሉ ነገር ገርጥቶ ነው የሚታየው። እኔም ደሜ ማለቁ ነው ብዬ እናቴን እያሰብሁ አለቀስሁ።

አያ ካሴ ተቆጡ፤ እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው። በጭዳ ማመን ለክርስቲያን አይገባም አሉ። ልጁ አደራ ብሎኝ ነው የሄደው፣ ቢመለስ ምን እለዋለሁ፣ ባይመለስስ ለማን እመልሳለሁ አሉ።

«እርስዎ ባያምኑበትም ዶሮዋ ገርጥታለች» አለቻቸው አክስቴ።

አያ ካሴ ወጥተው አዩ። ዶሮዋ ገርጥታለች።

ስንዱ ቦኖው ላይ የተባለውን በዚያው ቀን ሰማች። እንዲህ ያለ ወሬ በር አያንኳኳም። አልጮኸችም፣ አልማለችም። ከእኛ ቤት የሚላክላትን ምግብ ግን አልበላ አለች፤ እኔ የምቀዳላትን ውሃ ብቻ ትቀበለኛለች። ሕፃኗ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ታለቅስ ጀመር። አንገቷና ክንዷ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጣባት። አክስቴ ይህን ስታይ፣ ያስቀመጡት ነገር ወደ ቤቱ ይመለሳል አለች። ስንዱ ጠዳ ላለው ወንድሟ መጥተህ ውሰደኝ ብላ ላከች። ወንድሟ ልጆቹ የበዙ ድሃ ገበሬ ነው። እዚያ ከሄደች የባሏን ወሬ ማን ያደርስላታል? አያ ካሴ ይህን እያሰቡ ግቢውን ሲመላለሱ፣ እኔ ስንዱ ትቀር ዘንድ ወሰራዋ እንቁላል እንድትጥል እጸልይ ነበር። እንቁላል ከመጣ ነገሩ ሁሉ የሚበርድ መስሎኝ።

ወንድሟ ሊመጣ ሲል አንድ ረፋድ ላይ አክስቴ ቆጡን ከዚያ ግድግዳ ላንሣው አለች። ሕመሙ በግድግዳው በኩል ይመላለሳል ብላ ነው። ግንዱን ከሁለት ጫፍ ይዘን ነቀልነውና ወደ ደጅ አወጣነው። ፀሐይ ላይ ስናጋድመው አንድ ሰፊ ቅርፊት ተላቀቀ። ከሥሩ ድልህ የተቀባ መሰለ፤ ደቃቅ፣ ቀይ። ድልህ ግን አይሄድም። ይኸ ይሄድ ነበር።

አክስቴ በአውራ ጣቷ ደፈጠጠችው። ደም ሆነ።

ሌላ ቦታ ደፈጠጠች። እዚያም ደም ነው። ወሰራዋን አምጪልኝ አለችኝና ክንፏን ገለጠች፣ ላባዋን በየሥሩ አየች። አንድም የለባትም። ግራ ገባን። ቆይታ አክስቴ ራሷ ደረሰችበት። «ቅንቅን ነው፤ ሌሊት ወጥተው ደሟን ይጠጧታል፤ ሲነጋ ቅርፊቱ ውስጥ ይገባሉ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ሲመሽ እምቢ የምትልሽ ለዚህ ነው» አለችኝ። ከግንዱ መሰኪያ ጀምሮ በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ወደ ስንዱ ክፍል የሚያልፍ ቀይ መስመር ነበር። የሕፃኗም ነጠብጣብ ከዚያ ነው።

አያ ካሴ ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ፣ ቆጡ ያው የድሮው ነው፣ ግንዱም ያው ነው፣ ምነው ዘንድሮ ሆነ አሉ። እኔ ያን ጊዜ አመዱ ትዝ አለኝ። ወሰራዋ በየቀኑ ፀሐይ ከረር ሲል አመዱ ክምር ውስጥ ገብታ ትንከባለል፣ በክንፏ እየዛቀች ጀርባዋ ላይ ትነሰንስ ነበር። ክምሩ ከተጠረገ ወዲህ የምትንከባለልበት አፈር እንኳ ግቢው ውስጥ አልነበራትም፤ ሁሉ ተለቅልቋል። ይህን ስናገር አያ ካሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዶሮ ገላዋን የምትታጠበው በአመድ ነው። እኛ ንጹሕ ልንባል ብለን እሷን ሳትታጠብ አስከረምናት» አሉ።

የዶሮዋን ነገር እዚሁ ጨርሼ ልገላገል። ግንዱ በኋላ ተቃጠለ። ግድግዳውና ማገሩ በፍል ውሃ ተነከረ፣ ስንጥቁ በላምባ ተቀብቶ በጭቃ ተመረገ። ያ ሽታ የመጣው ያኔ ነው። በጋን ስባሪ አመድ ሞልተን ከማድ ቤቱ ጀርባ ደበቅ አድርገን አኖርንላት፤ የቀበሌ ሰው ቢያይ ለዕቃ ማጠቢያ ነው ልንል። እንዳየችው ዘላ ገባችና አመዱን አገሩ ላይ በተነችው። ኩክኒዋ እያደር ቀላ። እንቁላሉም ከፋሲካ በኋላ ተመለሰ። ሰው ግን እንደ ዶሮ በአመድ አይነጻም።

የዚያን ዕለት አክስቴ ግንዱን እዚያው ፀሐይ ላይ ትታ ስንዱ በር ላይ ሄዳ ቆመች። ስንዱ ልብሷን በአንሶላ ትቋጥር ነበር። «ነይ እስቲ፣ እዪ» አለቻት። ስንዱ ወጥታ ግንዱን አየች። የአክስቴን ጣት አየች። ነገሩ ለመግባት ጊዜ አልፈጀባትም።

«እኔ ላይ ሲፈልጉት የነበረው ደም ይኸ ነው?» አለች።

«ነው» አለች አክስቴ።

ሌላ ቃል ይጨመር እንደሁ ብዬ ጠበቅሁ። አክስቴ ይቅርታ አልለመደባትም፤ አንደበቷ አይዞርላትም። በቃ ቋጠሮሽን ፍቺ፣ ልጅቷንም አነሣታለሁ አለች። ስንዱ ወደ ቋጠሮዋ ተመለሰች። ጀርባዋን እንደሰጠችን፣

«ያሉት ቦኖው ላይ ነው፣ እትዬ። ይበሉልኝም ቦኖው ላይ» አለች።

እኔ ይህ ከባድ ነገር አልመሰለኝም ነበር። ቦኖው ሩቅ አይደለም። የአክስቴን ፊት ሳይ ግን የተጠየቀችው ምን እንደሆነ ገባኝ። ንጽሕናዋ የተጨበጨበላት ሴት፣ ማድ ቤቴ ቅንቅን ፈልቶበታል ብላ በሰፈሩ ፊት ልትቆም ነው። አያ ካሴ እኔ ሄጄ ልንገራቸው አሏት።

«እርስዎ አልተናገሩም» አለቻቸው።

ግንዱን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ትሸፍነው ብዬ ጆንያ ይዤ ተከተልኋት፤ አልተቀበለችኝም። ሰው ሁሉ እያያት፣ ያ ቀይ ነገር ቀሚሷ ላይ እየወረደ፣ ቁልቁለቱን ወረደች። ቦኖው ላይ ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ቆመዋል፤ እትዬ ይርገዱም አለች። አክስቴ ግንዱን ከመሐላቸው ጣለችው።

«ዶሮዬን የጨረሳት ይኸ ነው» አለች። «ከእኔ ማድ ቤት የወጣ ነው። ስንዱ ጭዳ አላደረገችብኝም። ያልሁት ሁሉ ሐሰት ነው።»

ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አሉ። እትዬ ይርገዱ ጎንበስ ብላ አየችና «ውይ፣ በንጹሑ ቤት» አለች። ሁለት ሦስቱ ሳቁ። አክስቴ የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ አልሄደችም።

«አዎ፣ በንጹሑ ቤት» አለች። «እናንተም ሂዱና ቆጣችሁን ገልጣችሁ እዩ።»

ሳቁ ቀዘቀዘ። አንዷ ጀሪካኗን ትታ ወደ ቤቷ ሄደች፤ የእሷም ዶሮ እንቁላል ከጣለች ከርማ ነበርና።

ዞር ስል ስንዱ ከኋላችን መጥታለች። ከወለደች ወዲህ ከግቢው ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ሕፃኗን አዝላለች። ማንንም ሰላም አላለችም፣ አክስቴንም አላናገረቻትም። በእጇ ባዶ ጀሪካን ይዛ ነበር። ሄዳ ከወረፋው መጨረሻ አስቀመጠችው።

ነገ ጠዳ የሚሄድ ሰው ለምን ጀሪካን ይሞላል ብዬ አሰብሁ። አክስቴም ያንኑ ያሰበች መሰለኝ፤ ጀሪካኑን ስታየው ቆየች። እስከዚያ ቀን ለስንዱ ውሃ የምቀዳላት እኔ ስለነበርሁ ሮጬ ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ።

«ተይው ደጌ» አለችኝ። «ወረፋዬን እኔ እጠብቃለሁ።»